ሥራ ፈት የተባሉት ቅጠሎች

አንድ ሰው ነበረ። አዋሽ ዳር ከአባቱ የወረሰው የብርቱካን ማሳ ነበረው።

አንድ ዓመት በጋው በረታ፤ ቦዩ ቀጠነ። ሰውዬው በአህያ ውሃ እያስጫነ ሥር ሥሩን ቢያጠጣም አልበቃ አለው። አንድ ቀን ቀና ብሎ ዛፎቹን አያቸው። ፍሬው ትንሽ፣ ቅጠሉ ብዙ። ደሙ ፈላ።

«እኔ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ይሄ ሁሉ ቅጠል ፀሐይ እየሞቀ ውሃዬን ይጨርሳል! አርግፉት!» አለ ለሠራተኞቹ።

ታናሽ እህቱ አመለወርቅ እየሮጠች መጣች። ዛፎቹን ከአባታቸው ጋር ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ተው! ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው እኮ ቅጠሉ ነው!»

«ምን አገባሽ? የሚጠጣው ሥሩ ነው! አንቺም እንደ ቅጠሉ ተቀምጠሽ የምትበይ ነሽ!»

ሰማችሁ? ለገዛ እህቱ! አመለወርቅ ትታው ሄደች።

ቅጠሉ ረገፈ። ሰውዬው ውሃውን ጨመረ። ፍሬው ግን ተጨማደደ፤ ከዚያም እየተንጠባጠበ ወደቀ። ግራ ቢገባው ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ጭቃ ነው! ውሃው አለ፤ ግን አይወጣም።

የግብርና ባለሙያ አስጠራ።

«ጌታዬ፣ ዛፍ ውስጥ ሞተር የለም» አለው ባለሙያው። «ውሃው ከቅጠሉ ላይ ሲተን ከኋላው ያለውን ይስባል፤ ያም የበታቹን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ድረስ። እርስዎ የሚስበውን አረገፉት።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም!» ብሎ ጮኸ።

እንዴት አይነግረኝም? ተነግሮት የለም እንዴ!

በኋላ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ እህቱ እግር ላይ ወደቀ። ዛፎቹም በክረምቱ አቆጠቆጡ። የዚያ ዓመት ፍሬ ግን ቀረ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰውዬ አትሳቁ! «ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች» የሚል ባል እዚህ የለም? «እናቴ አርጅታለች፣ ከእንግዲህ ምን ትጠቅማለች» ያለስ ልጅ የለም?

ባለፈው እሁድ ሦስት እናቶች «ለእንግዶች ልቀቁ» ተብለው ከዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን የፊት ወንበር ተነሥተዋል። ማን አነሣቸው? እናንተ! ማለዳ ማለዳ የእያንዳንዳችሁን ስም እየጠሩ የሚጸልዩትን እናቶች! በረከቱ ከየት የሚመጣ መሰላችሁ? ከወንበሩ?

ዛሬም መጥተዋል፤ ግን አልገቡም። ዞር ብላችሁ እዩ። በሩ ላይ ቆመዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አልናገርም። ማነው የሚነሣላቸው?