ካርታ ማውጣት

የመሬት ቢሮ ኃላፊው አቶ ዘውገ በካርታ ጨዋታ ተሸንፈው አያውቁም። አብረዋቸው የሚጫወቱት ሁለቱ ጸሐፊዎቻቸው ካርታ ሲለዋወጡ ምርጥ ምርጡን ለአለቃቸው ይሰጣሉ፤ እሳቸው ይህን «የኔ ስልት» ይሉታል።

አንድ ቀን የቤቷን ካርታ ስትለምን ዓመታት ያለፏት ሽንኩርት ሻጭ ሲጫወቱ የቢሯቸው በር ላይ ቆመች።

«ነይ ተጫወቺ! ካሸነፍሽ የቤትሽን ካርታ እፈርማለሁ፤ ከተሸነፍሽ ግን ደጄን እንዳትረግጪ» አሏት አቶ ዘውገ።

ጸሐፊዎቹ «ካርታ ለውጪን» ቢሏት ሴትየዋ እንቢ ብላ የንጉሡን ካርታ ታቅፋ ቆየች። የሌሎቹ ትልልቅ ካርታ አልቆ ተራዋ ሲደርስም ካርታዋን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር።

አቶ ዘውገ ጠረጴዛውን መቱ። «ሴትዮ፣ አንድ ካርታ ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ?»

«ጌታዬ፣ ከእርስዎ ቢሮ ለምጄው ነው። እዚህ አንድ ካርታ እስኪወጣ የኔ ልጅ ጥርስ አብቅላ ጥርሷን ነቅላለች» ብላ ንጉሡን ጥላ አሸነፈች።

ጸሐፊዎቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ለአለቃቸው መፈረሚያ እስክሪብቶ ፈለጉ።