ከበሩ የሚበልጥ ሰው

አንድ ሠዓሊ ነበረ። አንተ መኩሪያ፣ «ልጄ እንጨት ሲያበላሽ እያየሁ እንዴት እጄን ልሰብስብ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ነገር ልንገርህ።

ሠዓሊው ዕድሜውን በሌላ ከተማ ሲሥል ኖሮ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። የዕድሩን አዳራሽ ለምኖ አገኘና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሣል የሚወድን ሁሉ በነፃ ያስተምር ጀመር። ልብስ ሰፊው መጣ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ መጣ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትም መጣች። ብሩሽ አያያዝ እንኳ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን አልሰለቸም። ቀለም ማዋሃድ አሳያቸው፤ ሲያፍሩ አይዟችሁ አላቸው። ወደዱት።

ዓመቱ ሲሞላ ሥራቸውን ለሕዝብ ሊያሳዩ ተስማሙ። ከሌላ ከተማም እንግዶች ተጠሩ፤ ከመካከላቸው የሠዓሊው የድሮ ጓደኞች ነበሩ። በዋዜማው ሠዓሊው ሥዕሎቹን ብቻውን ሲሰቅል ዓይኑ ተለወጠ። ሲያደንቀው የከረመው ሥራ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ታየው። «ሰው ይስቅባቸዋል» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራው በራሱ ላይ እንዳይሳቅ ነው። ብሩሹን አነሣና የአንዱን አንገት አቀና፤ ቀጥሎ የሌላውን ዛፍ። ከዚያማ ማን ያቁመው!

ሴትዮዋ የሣለችው ቤቷን ነበር። ሟች ባሏ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግን ከበሩ ይበልጣል፤ ራሱ ጣሪያውን አልፎ ሰማይ ገብቷል። ሠዓሊው ፈገግ አለና፣ ጣሪያና ሰማይ ደርቦ ቀብቶ፣ ሰውየውን በበሩ ልክ አሳንሶ ሣለው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። እንግዶቹ «ድንቅ ነው!» አሉ። ሴትዮዋ እህቷን አስከትላ መጣችና ግድግዳውን ስትቃኝ ቆየች።

«መምህር፣ የእኔን የት ሰቀሉት?»

«ይኸው እኮ፤ ስምዎም አለበት።»

«ስሜስ አለ» አለች። «ሰውየው ግን የእኔ አይደለም።»

«በበሩ እንዲገባ ብዬ ትንሽ አስተካከልኩት።»

«እንዲገባ ብዬ አልሣልኩትም። እሱ እያለ ቤቱ ሙሉ ነበር። እሱን ነበር የሣልኩት።»

ይህን የሰሙ ተማሪዎች ሁሉ ወደየሥዕላቸው ዞሩ። ልብስ ሰፊው የራሱን ትክ ብሎ አየና ሹልክ ብሎ ወጣ።

የሠዓሊው ፊት ጋለ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ጨርቅ በቀለም ማስለቀቂያ ነከረና የራሱን ቀለም ይጠርግ ጀመር። ገና አልደረቀምና ለቀቀ። ግን ከሥሩ የነበረውም አብሮ ለቀቀ፤ የሰውየው ግንባርና አንድ ትከሻው ጠፋ። ሠዓሊው «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እሷም ሥዕሏን አውርዳ ታቅፋ ሄደች። ከጓደኞቹም የሳቁበት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ጭር አለ። ልብስ ሰፊው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ሴትዮዋ ግን ክረምቱ ሲወጣ ያንኑ ሥዕል ይዛ መጣችና የጠፋውን ግንባር እንደገና ልትሠራ ተቀመጠች። እጇ ሲስት ሠዓሊው ያያል። እጆቹን ጭኑ ሥር ሸጉጦ፣ ላቡ እየወረደ፣ ዝም አለ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ «ይህን ቡናማ ከምን ጋር ላዋህደው?» አለችው። ነገራት። ሌላ አልጨመረም። ስትጨርስ ሰውየው ከፊተኛውም ገዝፎ ነበር።

እንግዲህ መኩሪያ፣ አንተም የልጅህ ወንበር ሲወላገድ ባየህ ቁጥር መላጊያውን ከእጁ ትቀማዋለህ። ወንበሩ ይቀናል፤ ገዢውም ያመሰግናል። ልጅህ ግን በተመሰገነው ወንበር ላይ የራሱን እጅ ፈልጎ ያጣል። ሠዓሊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንተም አይደለህም። ሲጠይቅህ ንገረው። እስኪጠይቅህ ግን እጅህን ጭንህ ሥር አድርግ። ይከብዳል፤ ለሠዓሊውም አልቀለለውም።