የገራሟ በቀቀን ዘር

«የዕድራችን ጠብ ከዓመት ዓመት ለምን ይብሳል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እሺ፣ ቁጭ በልና ስማ።

አንድ በቀቀን አርቢ ነበረ። ዓይኗ የጠፋ እናት ነበረችው። እናቲቱ አንዲት ገራም በቀቀን ነበረቻት፤ ትከሻዋ ላይ ተቀምጣ «ደህና አደርሽ?» ትላታለች፣ ከመዳፏ የሱፍ ፍሬ ትለቅማለች። የአሮጊቷ ጨዋታ ሁሉ ከእሷ ጋር ነበር። ወፏ አርጅታ ስትሞት ልጇ «አይዞሽ እማዬ፣ ግቢው የሞላው የእሷ ዘር አይደል? ሌላ አመጣልሻለሁ» አላት።

አመጣላት። ነከሳት። ሌላ አመጣ፤ ያም ነከሳት። ሦስተኛው ጣቷን ሲያደማው እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችና «ተወው ልጄ፣ ወፉ ይቅርብኝ» አለች። ሰውየውም የወፎቹ ጠባይ ለምን እንደተበላሸ ይመረምር ጀመር።

መጀመሪያ መኖውን ጠረጠረ። ቀጥሎ የጎረቤቱን ዓይን ጠረጠረ። ራሱን ለመጠርጠር ግን ጊዜ ፈጀበት። በመጨረሻ ድሮ ከእሱ ወፍ ገዝቶ ወደነበረ ልብስ ሰፊ ሄደ። ወፏ የስፌት መኪናው ላይ ቆማ ክር ትጎትታለች፤ አርቢው እጁን ቢዘረጋላት ወጣችበት።

«እንዴት አድርገህ ገራሃት?» አለው።

«እኔ ምን አደረግሁ? ገራም አድርገህ የሸጥክልኝ አንተው ነህ።»

«ታዲያ የእኔዎቹን ምን ነካብኝ?»

ሰፊው ሳቀበት። «ገበያ የምታወጣው የማይነክሰውን ነዋ! ነካሹን ማን ይገዛሃል? እቤት የሚቀረው እሱ፣ የሚፈለፍለውም እሱ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም? ገበሬ እንኳ ምርጡን እህል ለዘር ያስቀምጣል እንጂ አውጥቶ አይሸጥም።»

አርቢው አፈረ። ሰው ኮርማ እንደሚዋስ ወፏን አውሰኝ ብሎ ለመነ፤ ሰፊውም ቅር እያለው ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ገራሙን ለዘር አስቀረ፣ ነካሹን ከማራባት ከለከለ። ነገር ግን የተዋሳትን ወፍ የሚያዳቅልበት ገራም ወንድ ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ አባታቸው ነካሽ ነበርና የመጀመሪያዎቹም ጫጩቶች ተናካሽ ወጡ። የተበላሸ ዘር በአንድ ጊዜ አይታረም። ትከሻ ላይ በሰላም የምትቀመጥ ወፍ የተገኘች ዕለት አሮጊቷ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። ልጅየው ወፏን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ብቻውን አለቀሰ።

እናንተስ ልጄ? በዕድራችሁ የሚጮኸውን «ሹሙትና ዝም ይበል» ትላላችሁ። ታጋሹን «አንተ ቻለው» እያላችሁ እስኪሄድ ድረስ ትገፉታላችሁ። ልጆቻችሁም ቁጭ ብለው ማን እንደሚከበር ያያሉ። ጠቡ ከሰማይ አልወረደባችሁም፤ እናንተው ያረባችሁት ነው። ሰሞኑን ዕድሩን ጥሎ የወጣው ጎረቤትህ ገራም ሰው ነው፣ አውቀዋለሁ። አርቢው ወደ ሰፊው የሄደው ዘግይቶ ነበር። አንተ ተነሣና ሂድ፣ ለምነህ መልሰው፤ ሰውየው ገና በሩን አልዘጋም።