እግዚአብሔር ከማን ወገን ተጫወተ

ፊታውራሪ አንዳርጌ በገና ጨዋታ በገዛ ጭሰኞቻቸው ተሸነፉ። ለመድኃኔ ዓለም ጃንጥላ ተስለው፣ አሽከሮቻቸውን አሰልፈው ነበር የገቡት። ጥንጓን መትቶ የመጨረሻዋን ያገባባቸው ጭሰኛ በአፉ ጦስ ከሁለት ጌታ መሬት የተባረረ ሰው ነው። ፊታውራሪ እዚያው ሜዳ ላይ አስጠሩት።

«እግዚአብሔር ዛሬ ከማን ጋር ነበር? ከእናንተ ጋር ካልህ እኔን ጠላቱ አደረግኸኝ፤ መሬቴን ትለቃለህ። ከእኔ ጋር ካልህ ደግሞ ያሸነፋችሁት በሰይጣን ነው፤ ያኔም ትለቃለህ።»

ሰውየው ልጆቹንና ያልተወቃ ጤፉን አሰበ። ሦስተኛ ጌታ የት ይገኛል?

«ከእርስዎ ጋር ነበር፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በሰይጣን ነዋ።»

«ኧረ ሰይጣን ምን በወጣው። ጥንጓ ስትመጣ አሽከሮችዎ ሁሉ ‹ጌታችን ይምቱ› እያሉ ዘወር ይሉልዎት ነበር። እግዚአብሔርም የእርስዎ ወገን ሆኖ ሲገባ፣ እንደ እነሱ አክብሮ ተወልዎት።»

መጀመሪያ የሳቁት የደብሩ ቄስ ናቸው። ፊታውራሪ ዞረው አሽከሮቻቸውን ቢያዩ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

«በቅሎዬን አምጡ» አሉና ሄዱ።

ሰውየው መሬቱን ሳይለቅ ቀረ።