ለአዛዥ ንጋቱ ቤት ዞኮሎ ፍለጋ

ባሻ ጥላዬን እኔ አልደረስኩበትም፤ የሞተው ሳልወለድ ነው። አባቴ ግን ጎረቤቱ ስለነበር የባሻ ስም ቤታችን ውስጥ ሳይነሳ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ሙያው አናጢነት ነው። መጋዙ ስለታም ነበር፤ ምላሱ ግን ይብሳል። አባቴ ሲያወራልኝ ሳቁ እያቋረጠው ስለሆነ የጎደለ ካለ በእሱ አሳብቡ፤ የበዛ ካለ ግን የእኔ ጥፋት ነው።

ነገሩ የመጣው በምስጥ ነው። ጉለሌ ውስጥ አዛዥ ንጋቱ የሚባሉ ትልቅ ሰው በህንድ አናጢ ያሠሩት ቤት ነበራቸው። የእልፍኙ ግድግዳ ከወለሉ ጋር በሚገጥምበት ዙሪያውን ዞኮሎ ተመቶበታል። ዛሬ እናንተ ስስ ሸክላ ለጥፋችሁ የምትገላገሉት ቦታ ማለቴ ነው! የዚያኛው ግን ስፋቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት የሆነ የጥድ ጣውላ ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጌጥ ተፈልፍሎበታል። አዛዥ በቤታቸው ሲኮሩ ለጉድ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ «ቤቴን ለልጄ ለበለጥሻቸው ሰጥቻለሁ፤ መልኩን ከለወጠችው ግን ለወንድሟ ለደምስ ይሁን» ብለው ተናዘዙ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያ ቤት ሌላ መግቢያ የሌላቸው ሴት ናቸው። ወንድማቸው ፊታውራሪ ደምስ ደግሞ ሁለት ቤት አለው፤ ሦስተኛውን ይፈልጋል። እሱን አንቱ ማለት ምላሴ እሺ አይለኝም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እንግዲህ ምስጡ ሦስት ጣውላ በልቶ ጨረሰ። ባሻ ተጠራ። ጎንበስ ብሎ እልፍኙን ዞረና የተበሉትን ለየ። የአዛዥ አልጋ ይዘረጋበት በነበረው ጥግ ሌላ አንድ ጣውላ ክፉኛ ተጫጭሮ አገኘ። «ይሄንንም ልንቀለው እንዴ?» ቢላቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው «እሱን እንዳትነካብኝ!» ብለው ጮኹበት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባሻ የሠፈር ሰው ነውና ገባው። ዕቃውን ሸከፈ።

ወሬው እንደተሰማ መጀመሪያ ከተፍ ያሉት ግራዝማች ይፍሩ ናቸው፤ ምክር የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። «ምን ያደክማችኋል? ሳጥን አስጠግታችሁ ሸፍኑት። የግድግዳ እግር ማን ያያል?» አሉ። እኚህ ሰው የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ጀምሮ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበር የሚስቁት። ባሻ እጅ ነሳና፣

«ምክርዎ ደግ ነበር፤ ግን ጥርስዎ መውለቁን አገሩ ሁሉ ያወቀው በጋቢ መሸፈን ከጀመሩ ወዲህ ነው» አላቸው።

ከዚያ ጣውላ ተራ ወረደ። ባዩ የሚባለው ነጋዴ አሮጌ ጥድ የሚፈልግ ሰው መምጣቱን ሲሰማ ጊዜ አልፈጀም፤ ትናንት የተሰነጠቀ ባህር ዛፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ አቀረበለት። «ይሄ ከአንድ ራስ ቤት የወጣ ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል! በልጆቼ እምላለሁ!» አለ። ባሻ በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው እርጥበቱ ፊጭ አለ። ጫፉ ላይ እንዲያውም አንዲት ለምለም ቅጠል ቀርታበታለች። ቅጠሏን ቀጠፈና ለባዩ አስጨበጠው።

«መቶ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ጡት አልጥልም ሲል ዛሬ ገና አየሁ!»

ጣውላ ተራ እስከ ማታ ሲስቅ ዋለ፤ ጥድ ግን አልተገኘም። በሌላው ቀን ባሻ የተበላውን ጣውላ ቁራጭ ለአምሳያ በጋቢው ሥር ይዞ ሲሄድ ፊታውራሪ ደምስ መንገድ ላይ አገኘው። «ምን ደብቀህ ነው አንተ?» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ማገዶ ነው ብሎ ያልፋል። ባሻ ግን ባሻ ነው! የመጣለትን ነገር ዋጥ ማድረግ መች ያውቅበታል?

«የአባትዎ ቤት እግሩን ታሞ ለማሳከም እየዞርኩ ነው፤ እርስዎ በሽተኛ መጠየቅ ስለማይወዱ ነው የሸፈንኩት» አለው።

ፊታውራሪ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ነው። በማግስቱ «የአባቴ ቤት መልኩ እየተለወጠ ነው» ብሎ ለአጥቢያ ዳኛው ክስ አቀረበ። ዳኛውም በስምንተኛው ቀን መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ። «ባሻ፣ በአፍህ ጎዳና ላይ አወጣኸኝ! ምናለ ያን ዕለት ዝም ብትል?» አሉት። ባሻ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ሁለት ቀንም እህል አልቀመሰም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አለው። ያ ህንድ አናጢ በዚያው ዓመት ለቀኛዝማች ሞላልኝም ቤት ሠርቷል። ቀኛዝማች ከእጃቸው ምንም የማይወጣ ሰው ናቸው፤ ለጣውላ ገንዘብ ላለማውጣት የእልፍኛቸውን ዞኮሎ ነቅለው የዶሮ ቤት ሠርተውበታል። ባሻ ሄዶ አየው። እንጨቱ ያው ጥድ፣ ስፋቱ ያው፣ ገመዱም ያው ነው! «ይህን ይስጡኝና ለዶሮዎቹ አዲስ ቤት በነፃ ልሥራልዎ» ብሎ ለመናቸው። ቀኛዝማች የሰውየውን ጉጉት ሲያዩ አበጡ። «የአባቶቼን ቅርስ? አይሞከርም!» ብለው መለሱት።

እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ባሻ በቀኛዝማች አጥር በኩል ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለዶሮ ቤቱ ለጥ ብሎ እጅ ሲነሳ ተገኘ። ቀኛዝማች ከሰገነታቸው «ምን ነካህ አንተ ሰው?» ብለው ጮኹ።

«ቤታቸው ዞኮሎ ያለው የእነሱ ብቻ ስለሆነ የግቢው ጌቶች እነሱ መስለውኝ ነው፤ እርስዎ ዘበኛው ነዎት?»

ሴት ወንዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምሳ ሳይቀርብ «ና ውሰድልኝ፤ አዲሱን ግን ዛሬውኑ ጀምር» የሚል መልእክት መጣ። ባሻም ሦስቱን ጣውላ በአመድ አሸ፣ አጠበ፣ በሰም ወለወለና በአሮጌ ምስማር መታቸው። ዓይን አይለያቸውም። ጠጋ ብሎ ላሸተተ ግን ትንሽ ዶሮ ዶሮ ይሉ ነበር።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሠፈሩ በር ላይ ተኮልኩሏል። ዳኛው በፊታውራሪ ደምስ በቅሎ ላይ ጉብ ብለው መጡ፤ ወይዘሮ በለጥሻቸው ይህን ሲያዩ «አለቀልኝ!» አሉ። ባሻ ልጓሙን ያዘና፣

«ጌታዬ፣ በቅሎዋ የከሳሹ ናት፤ ፍርዱን መንገድ ላይ ነግራዎት ከሆነ እኛ በከንቱ አንቁም» አላቸው።

ዳኛው ፊታቸው ቀላ። ያን ሁሉ ሰው አዩና ከበቅሎዋ ወረዱ፤ ዘበኛቸውንም «ለፊታውራሪ መልሰህ ስጣቸው» አሉት። እልፍኝ ሲገቡ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «ፊታውራሪ፣ ተለውጧል ያሉት እርስዎ ነዎት። የተለወጠውን በእጅዎ ይንኩ። አግኝተው ከነኩ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ከሳቱ ክስዎ እዚህ ላይ ያበቃል» አሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው የበሩን መቃን ጨብጠው ቆሙ።

ፊታውራሪ ደምስ እልፍኙን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሆዱ እያስቸገረው ተንበረከከና አንዱን ጣውላ አሸተተ፤ ሕዝቡ ፊት የአባት ፍቅሩን ሊያሳይ ፈልጎ ደጋግሞ ሳመው። «ይሄ የአባቴ ነው! ጠረኑ ራሱ የአባቴ ጠረን ነው!» እያለ እንባውን ጠረገ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደና የተጫጫረውን ጣውላ በጫማው ረገጠው፤ በእጁም መታው። «የተለወጠው ይሄ ነው! አሮጌ እንዲመስል ሆን ብለው ቧጨሩት! አባቴ ቤት እንዲህ ያለ ቆሻሻ አልነበረም!» አለ።

«ቃልዎ ነው?» አሉ ዳኛው።

«ቃሌ ነው!»

ጸሐፊው ጻፈ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባሻ ወደ ፊት ወጣ፤ አባቴ ሲምል፣ ያን ቀን ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ጌታው፣ የሳሙት የቀኛዝማች ሞላልኝ ዶሮዎች ያደሩበትን ነው። የረገጡት ግን አባትዎ ሁለት ክረምት ከአልጋ ሳይነሱ፣ በብትራቸው እየደበደቡ ‹ደምስ! ደምስ!› ብለው የተጣሩበትን ነው። አንድ ቀን እንኳ አቤት ብለው ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።»