ወንዙን በስሙ የማይጠራ አገር

አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ዛሬውኑ ይጠር፤ የምነግርህ ሁሉ እውነት ነው። አያልነህ፣ «የጤና ጣቢያዋ ሐኪም እኔን በር ላይ አስቀምጣ ከልጄ ጋር ለብቻዋ ምን አወራች?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያው ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ ልጁ ግን አንዲት ናት። ከመንደሩ በታች ወንዝ አለ። በክረምት ሲያገሳ፣ ሦስት ቀበሌ ርቆ የተኛ ባል «አታንኮራፊ» እያለ ሚስቱን ይቀሰቅሳል።

የዚያ አገር ሰው ወንዙን ልጆች ፊት በስሙ አይጠራም። ስሙን የሰማ ልጅ ይገባበታል ይላሉ። «ታች» ብለው ያልፉታል። ልጆቹ ግን ይገቡ ነበር። የሚያስተምራቸውም ትናንት ለጥቂት የተረፈ ጓደኛቸው ነው።

መሻገሪያው ላይ አንድ ዋናተኛ ይኖራል፤ ሥራው ሰው ማሻገር ነው። ሀብታሙ ማዶ ሠርግ ተጠርቶ ልጁን ይዞ መጣ።

«ዋና ትችያለሽ?» አላት ዋናተኛው።

«ምን በወጣት» አለ አባት። «ታችን አይታውም አታውቅ።»

ልጅቱ አቀርቅራ እግሯን ታያለች። ዋናተኛው ይህን ልብ አለና፣ «ጌታዬ፣ እስቲ በቅሎዬን ከዋርካው ሥር ይያዙልኝ፤ ተናካሽ ናት» አለ። እውነትም ያቺ በቅሎ ስንት የባላባት ባርኔጣ በልታለች። አባት እያጉረመረመ ሄደ።

ያኔ የልጅቱ አፍ ተፈታ። ሦስት ጊዜ ገብታለች። ባለፈው አዙሪት ይዟት፣ በጓደኛዋ ነጠላ ተጎትታ ነው የወጣችው። ለማን ትንገር? ስሙ የማይጠራ ነገር እንዴት ይነገራል? ዋናተኛው አልተቆጣትም። በዱላው ጥልቁን እየጠቆመ አሳያት። «ግቢ ሲሉሽ አልገባም ማለትም ዋና ነው» አላት። «መሐል ደርሶ መመለስም ነውር የለው። ከጨነቀሽ ወደ እኔ ነይ።»

አባት ከዋርካው ሥር ሆኖ ልጁ ስትስቅ ሰማ፤ ደሙ ፈላ። «ልጄን መግባት ታስተምርብኛለህ?» እያለ መጣ።

«መግባቱን ማንም አላስተማራት፣ ጌታዬ። እኔ ያሳየኋት መውጫውን ነው።»

አባት ልጁን ይዞ ዋናተኛውን ተከተለ። ውኃው ውስጥ ሲገቡ ግን የሚረግጠው ጠፋው። ልጁ እጁን ያዘችና፣ «አባዬ፣ እሱ ጋ ጥልቅ ነው፤ በዚህ ይምጡ» እያለች አሻገረችው። ማዶ እስኪደርሱ እጇን አልለቀቀም።

አየህ አያልነህ፣ ወንዙ ጉርምስና ነው፤ ዋናተኛው ያቺ ሐኪም ናት። ልጅህ ስለ ወር አበባው፣ ስለ እርግዝናው፣ ስለ በሽታው፣ እንቢ ስለ ማለቱ አንተ አጠገቧ ተጎልተህ አትጠይቅም፤ «ሆዴን አመመኝ» ትላለች እንጂ። ሐኪሟ ሆዷን ብቻ ዳብሳ ሸኝታት ቢሆን ነበር የምትወቀሰው። አሁን ቤት ግባና «ምን አለችሽ?» ብለህ አታፋጥጣት። «እኔንም ጠይቂኝ» በላት። ካፈርክም እፈር፤ እፍረት ሰው አይገድልም።

ከነገርኩህ ውስጥ የእኔ ፈጠራ አንዲት ብቻ ናት፦ በቅሎዋ ተናካሽ አልነበረችም።