አልረጋ ያለው ስጋጃ

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት እሰጣችኋለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እማማ የሸዋሉል የሚባሉ ስጋጃ ሠሪ ነበሩ። ክረምት ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ፤ ሲሻላቸው ልጃቸው ትርፌ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። የትርፌ ቤት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው። እማማ ግን በራሳቸው እጅ የሠሩትን የሱፍ ስጋጃ አልጋቸው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስነጠፉ።

አንድ ጠዋት ሊነሡ እግራቸውን ቢያሳርፉበት ስጋጃው ተንሸራቶ ሄደ። የአልጋውን ብረት ይዘው ተረፉ።

ትርፌ ደነገጠች። «እማዬ፣ ጠቅልዬ ላስቀምጠው።»

«እሱን ከጠቀለልሽ እኔንም አብረሽ ጠቅልዪኝ። ይልቅ እንዲረጋ አድርጊው» አሉ። እስኪረጋም ከአልጋ አልወርድ አሉ።

ትርፌ ከሥሩ ጎማ አነጠፈች። ጎማ ሲሚንቶ ላይ ይይዛል፤ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ግን እሱም አብሮ ተንሸራተተ። ቀጥላ የልጆች ጫማ የሚታሰርበትን፣ ሲላቀቅ ቸርር የሚለውን ማጣበቂያ ገዛች። እሾሃማው ፊት ወደ ታች ከተሰፋ የምንጣፉን ጸጉር ነክሶ ይይዛል። ስጋጃውን ተሸክማ ልብስ ሰፊው ጌጡ ጋ ሄደች።

«ጋሼ ጌጡ፣ ይህን ስፋልኝ፤ እናቴ እንድትቆም።»

«መንኮራኩሩን የሚያዞረው የስፌት መኪናዬ ችንጋ ተበጥሷል» አለ ጌጡ። «መኪና ካልዞረ ስጋጃ አይሰፋ፤ ስጋጃ ካልተሰፋ እናት አትቆም። ጫማ ሰፊው ደስዬ ከቆዳ ችንጋ ይቁረጥልኝ።»

ትርፌ ደስዬ ጋ ሄደች። ደስዬ ቢላውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ቆዳውስ አለ፤ ቢላዬ ደንዟል። ችንጋ ካልተቆረጠ መኪና አይዞር፤ መኪና ካልዞረ ስጋጃ አይሰፋ፤ ስጋጃ ካልተሰፋ እናት አትቆም። ባሻ ዘርጋው ጋ ወስደሽ አስዪልኝ።»

ቢላውን ይዛ ባሻ ዘርጋው ጋ ሄደች። ባሻ ቢላ የሚስሉት ፔዳል እየረገጡ ነው፤ ያን ዕለት ግን ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ወገቤ በሱፍ ካልታሰረ አልረግጥም፤ መታጠቂያዬ ደግሞ አስካለ ጋ ነው። ቢላ ካልተሳለ ችንጋ አይቆረጥ፤ ችንጋ ካልተቆረጠ መኪና አይዞር፤ መኪና ካልዞረ ስጋጃ አይሰፋ፤ ስጋጃ ካልተሰፋ እናት አትቆም።»

ትርፌ ሳትሰለች ሱፍ ሠሪዋ አስካለ ጋ ሄደች። መታጠቂያው ተሠርቷል፤ ጫፉ ግን እየተተረተረ አስቸግሯል።

«እንዲህ ያለውን የሚቋጩት እናትሽ ናቸው» አለች አስካለ። «ታመዋል ብዬ ላስቸግራቸው አፈርኩ። መታጠቂያ ካልተቋጨ ወገብ አይጸና፤ ወገብ ካልጸና ቢላ አይሳል፤ ቢላ ካልተሳለ ችንጋ አይቆረጥ፤ ችንጋ ካልተቆረጠ መኪና አይዞር፤ መኪና ካልዞረ ስጋጃ አይሰፋ፤ ስጋጃ ካልተሰፋ…»

«እናቴ አትቆም» ብላ ጨረሰችላት ትርፌ። መታጠቂያውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ከወደቁ ወዲህ ሥራ ይዞ የመጣላቸው ሰው አልነበረም።

«እማዬ፣ አስካለ ይህን የሚቋጭላት አጣች። ታመሻል ብላ ልታስቸግርሽ ፈርታ ነው።»

እማማ ዞር አሉ። «የተሰበረው እግሬ ነው፤ እጄን ምን አገኘው? በይ ደግፊኝ።»

ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ጫፉን እያፍተለተሉ አንድ በአንድ ቋጩት። መታጠቂያው ሲቋጭ የባሻ ወገብ ጸና፤ ወገብ ሲጸና ቢላ ተሳለ፤ ቢላ ሲሳል ችንጋ ተቆረጠ፤ ችንጋ ሲቆረጥ መኪና ዞረ፤ መኪና ሲዞር ስጋጃ ተሰፋ።

ትርፌ ስጋጃውን አንጥፋ ዳር ዳሩን በመዳፏ ተጫነችው። በእግሯ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። እማማ አንድ እግራቸውን አወረዱ፤ ሌላውንም ደገሙ። ትርፌ ክንዳቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ» አሉ።

ለቀቀቻቸው። እማማ የሸዋሉል በሁለት እግራቸው ቆሙ፤ ዱላቸውን ይዘው በቀስታ እስከ በሩ ሄዱ፤ ከፈቱትና ፀሐዩን አዩ።

«አስካለን ጥሪያት» አሉ። «ሌላም የሚቋጭ ካላት ታምጣ።»

እኔ እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ ተራው የእናንተ ነው።